ልጄ ሽጉጥ ሲመርጥ

በዚያን ዘመን፣ በዚህ በሰው አገር፣ ሁለት ቤት ነበረኝ፤ ሁለት ቤት ያለው ሰው ደግሞ፣ ከልቤ ልንገራችሁ፣ ቤት የለውም። አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ የሴት ልጄ ቤት ነው፤ ሌላው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር፣ የወንድ ልጄ አፓርትመንት። ሴቷ ዘንድ ስሰነብት ወንዱ ምን በልቶ ይሆን እላለሁ። ወንዱ ዘንድ ስሰነብት የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ማን በር ከፈተላቸው እላለሁ። ስለዚህ ትንሿን ሻንጣዬን ይዤ በባቡር እመላለሳለሁ። የባቡሩን ጽሑፍ አላነብም፤ ቀለሙን ግን አውቀዋለሁ። በቀዩ እገባለሁ፣ ሰው በሚተራመስበት ጣቢያ እወርዳለሁ፣ ሰማያዊውን ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ ተሳስቼ በሌላ ገብቼ፣ ጫፍ አድርሶኝ፣ አንዲት የባቡር ሠራተኛ እጄን ይዛ እንደ ሕፃን መልሳኛለች። መንገድ ላይ ያናገረችኝ ሰው እሷ ብቻ ስለሆነች እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ወንዱ ልጄ ታክሲ ይነዳል። ሚስቱ ስትለየው ዕቃዋን ጭና መጋረጃዋንም አውርዳ ወሰደች። እሱ ሌላ አልሰቀለም። «ስቀል እንጂ» ስለው «ማን ያየኛል ብለሽ ነው» ይለኛል። ከሥራ ሲመጣ ምግቡን ቆሞ ይበላል፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ያያል። እኔ እንዳልረበሽ ነው መሰለኝ። እኔ ግን ቢጮኽ በወደድኩ።

አንድ ዓርብ ቀን ሽሮውን እንደያዘ፣

«እማዬ፣ ነገ ሽጉጥ ልገዛ ነው» አለኝ።

«ማን በደለህ?»

«ማንም። ለኢላማ ነው። እንዲሁ ለመተኮስ። እዚህ አገር ሰው እንደ ኳስ ነው የሚጫወተው።»

እኔን ያስፈራኝ ያ «ማንም» ያለው ነው። ተበድሎ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ሽማግሌ ይገባለታል፣ ካሣ ይከፈለዋል፣ ይታረቃል። ማንም ያልበደለው ሰው ግን ከማን ጋር ያስታርቁታል? መጋረጃ በሌለው ቤት፣ ብቻውን፣ ከሽጉጥ ጋር። ሌባ አልፈራሁለትም፤ የፈራሁት ለራሱ ከራሱ ነው። ቃሉን ግን አፌ አልደፈረውም።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ለእህቱ ደወልኩ።

«አብዷል እንዴ?» አለች። «ሽጉጥ ያለበት ቤት ልጆቼ አይረግጡም። አንቺም ነገውኑ ነይ፣ መጥቼ ፒክ አደርግሻለሁ።»

«እሱንስ?»

«እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ እማዬ።»

ትልቅ ሰው መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ትልቅነቱ ነው ያስቸገረኝ። ትንሽ ልጅ ቢሆን ከእጁ እቀማዋለሁ። ስለዚህ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩና «እኔም እሄዳለሁ» አልኩት።

«የት?»

«ሽጉጥ ልመርጥ።»

ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጓደኛው መጣ። እሱም ባለታክሲ ነው፤ አናንዴል ይኖራል። ነገር የማያልቅበት፣ መኪናው ውስጥ ራዲዮ የማያስፈልገው ዓይነት ሰው።

«እማማ፣ እርስዎም ሊታጠቁ ነው?» አለኝ።

«ከተገኘማ ምን ይከፋል።»

«በሉ ለእርስዎ ነጭ እጀታ ያለው እናስወጣለን፤ ከነጠላዎ ጋር እንዲሄድ።»

መሣሪያ ቤት ስንገባ ወርቅ ቤት መሰለኝ። መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር መብራት፣ ከመብራቱ ሥር ሽጉጦች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሻጩ ነጭ ጢም ያለው፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ዋጋ አልነበረም፤ «ለምንህ ነው?» አለው። ልጄ ይተረጉምልኛል። «ለኢላማ፣ እንዲሁ ለመተኮስ አልኩት» አለኝ።

ጓደኛው አንዲት ትንሽ ሽጉጥ በጣቱ አሳየ። «ይቺን ውሰድ። ኪስ ትገባለች፣ ሱሪ አትጎትትም።»

ሻጩ አውጥቶ ለልጄ ሰጠው። ከመስጠቱ በፊት ካዝናውን አወለቀ፣ ላዩን ወደ ኋላ ስቦ ጉሮሮውን አየ፣ ከዚያ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙሮ አቀበለው። ልጄ ሲመልስለት፣ ባዶ መሆኑን አሁን አይቶት ሳለ፣ እንደገና ስቦ አየው። ይሄን ሰውዬ ወደድኩት። አባቴም እንዲሁ ነበር። «ባዶ ነው ብለህ የምታምነው መሣሪያ ነው የሚገድልህ» ይል ነበር።

ልጄ ትንሿን ሲይዛት ትንሿ ጣቱ ማረፊያ አጥታ ተንጠለጠለች። ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አመጣ፤ መካከለኛ። ከዚያም ትልቁን። ቀስ ብሎ ያስረዳው ጀመር፤ ልጄም ለእኔ። ትንሿ ለመደበቅ ናት፤ ስትተኩስ ግን እጅህን ትመታሃለች፣ ሁለተኛውን ጥይት ስታስብ ትደነግጣለህ። ትልቁ ክብደቱ ምቱን ይውጠዋል። አፈሙዙ ረዘም ስላለ የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ይራራቃሉ፤ እጅህ ትንሽ ከዘመመ ወዲያው ታየዋለህ። እጀታው መዳፍህን ሙሉ ይሞላል፣ ካዝናውም ብዙ ጥይት ይይዛል። አንዱን ስትተኩስ ሌላውን ራሱ ይጎርሳል፤ አንተ ምላጩን ብቻ ነው የምትስበው። ኢላማ ተኩሰህ ቤትህ የምትመለስ ከሆነ ይሄን ያዝ።

«ይሄንን?» አለ ጓደኛው። «ይሄ እኮ ለብቻው ወንበር ይፈልጋል። ቀበቶ አስሮለት ታክሲው ፊት ወንበር ያስቀምጠዋል።»

«ተሳፋሪ ከሆነማ ሂሳቡን ይክፈል» አለ ልጄ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ልጄ ትልቁን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ። እጁን እያየሁ ነበር። ሚስቱ ከሄደች ወዲህ እጁ አንድ ነገር በደንብ ሲይዝ አላየሁም፤ ብርጭቆ እንኳ ሲይዝ ሊጥለው ያለ ነው የሚመስለው። ያን ግን አጥብቆ ያዘው። ደስ አለኝ፤ ኪስ የማይገባ፣ ለጠብ የማይሆን ነው የመረጠው አልኩ። ወዲያው ደግሞ ሌላ አሰብኩ። ትልቅና ትንሽ የሚለየው ለሌላው ነው እንጂ፣ ለራስማ ትልቅም ትንሽም የለው።

ያን ጊዜ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ። አባቴ ምንሽር ነበረው፤ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል። ታላቅ ወንድሜ የሞተ ዕለት፣ ከቀብር እንደተመለስን፣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ገቡ። ምንም ሳይናገሩ ጠመንጃውን ከምሰሶው አወረዱ፣ ጥይቱንም ይዘው ወጡ። አባቴ አያቸው፤ አልጠየቀም። እኛ ዘንድ ልማዱ ነው፤ ኀዘን የገባበት ቤት መሣሪያ አያድርም። ለተዝካሩ መልሰው አመጡለት። «እነሆ አደራህ» ብቻ አሉት። ለምን እንደወሰዱት ማንም ስም አላወጣለትም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

እኔም ሱቁ ውስጥ ዞር ብዬ አየሁ። ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤት የለ። ልጄ የሚኖርበት ፎቅ ላይ ፊት ለፊቱ ያለውን በር የሚከፍተው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ታዲያ ማን ይውሰድለት? እኔ ነኛ።

ልጄ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ሻጩ ወረቀት ሲያዘጋጅ፣ ሽጉጡ ጨርቁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠጋ አልኩና በሁለት እጄ፣ በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩት። ሻጩ ቀና አለ። እኔም ባለችኝ እንግሊዝኛ «ማይን» አልኩት፤ የኔ ነው ለማለት። ደረቴን አሳየሁት፣ ቦርሳዬን አሳየሁት። «አይ ኪፕ» አልኩት፤ እኔ አስቀምጠዋለሁ ነው።

ሻጩ ልጄን «ለማን ነው የምትገዛው?» አለው።

«ለራሴ።»

እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ ያልገባው መስሎኝ ደገምኩለት። «ማይን።»

ጓደኛው ሊረዳን ገባ። ምን ብሎ እንደተናገረ ኋላ ልጄ ነገረኝ፤ «ገንዘቡን የሚከፍለው እሱ ነው፣ የምታስቀምጠው ግን እሷ ናት፣ እኛ አገር እንዲህ ነው» ብሎት ኖሯል። ከዚያ በላይ ምን ይበል። ሻጩ ሽጉጡን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደ፣ መስታወቱ ሥር መለሰው፣ ቆለፈ። ለሌላ ሰው መሣሪያ መግዛት በሕግ ክልክል ነው፣ ዛሬ አልሸጥላችሁም አለ። አልተቆጣም። ለእኔም በአክብሮት «ማም» ብሎ እጅ ነሳኝ።

በልጄ መኪና ተመለስን። ጓደኛው አናንዴል ሲወርድ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ እኔ እዚህ አገር ስኖር ፖሊስ ሳይጠራ፣ ቃል ሳያበዛ፣ አንድ ሱቅ በሁለት ቃል የዘጋ ሰው ያየሁት እርስዎን ነው» አለኝ። ልስቅ ፈልጌ አቃተኝ።

ላንድማርክ ደረስን። መኪናውን አቆመ፤ አልወረደም።

«ምን አስበሽ ነው?» አለኝ።

የአባቴን ምንሽር ነገርኩት። ሽማግሌው እንዴት እንደገቡ፣ እንዴት እንደወጡ።

«እኔ እኮ ሰው አልሞተብኝም፣ እማዬ።»

«አልሞተብህም። ግን ለቅሶ ላይ ነህ፤ ደራሽ የሌለበት ለቅሶ።»

መሪውን በአውራ ጣቱ ይፍቃል።

«ራሱን ያጠፋል ብለሽ ነው?»

«አዎ» አልኩት። በልቤ ስሸሸው የከረምኩት ነገር በአንዲት ቃል አለቀ።

«አምና ክረምት አስቤው ነበር» አለኝ። «በረዶው ጊዜ። አሁን አይደለም።» መሪውን ለቀቀና፣ «እነዚህ የታክሲ ልጆች ናቸው ቅዳሜ ና እንተኩስ ያሉኝ። ሌላ ና የሚለኝ ሰው የለም። የእነሱን ተውሼ ከምተኩስ የራሴን ልያዝ ብዬ ነው እንጂ ሌላ የለውም።»

እኔ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ልጄ አምና ክረምት ምን እንዳሰበ አላወቅሁም። ሽንኩርት ስከትፍ ይሆናል ያሰበው። በነጠላዬ አፌን ይዤ ቀረሁ።

«ብገዛ ቁልፉን አንቺ ያዢ» አለኝ። «ለራሴ ነው የምገዛው፤ ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን።»

በሌላ ሳምንት ያለ እኔ ሄዶ፣ ከሌላ ሱቅ፣ ያንኑ ትልቁን ገዛ። የብረት ሣጥን ቁም ሣጥኑ ውስጥ አሰረለት። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ቅዳሜ ጠዋት እፈታለታለሁ፤ ማታ ባሩድ ባሩድ እየሸተተ ይመልስልኛል። ሙሉውን ቀን እኔ ብቻዬን ነኝ። ቅዳሜ ከእኔ ጋር ነበር የሚውለው፤ ባይናገርም ሶፋው ላይ ነበር። ጓደኛ አገኘልኝ ብዬ አመሰገንኩ፤ ቤቱ ግን ጭር አለ።

ሴት ልጄ ሳታቋርጥ ስለጨቀጨቀችኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመለስኩ። ቁልፉም አንገቴ ላይ እንዳለ አብሮኝ መጣ። ልጄ ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን የወንዝ ድልድይ ተሻግሮ ይመጣል፣ ቁልፉን ይወስዳል፣ ማታ ይመልሳል። በቀን ሁለት ጊዜ አየሁት ማለት ነው። አብረን ስንኖር እንኳ እንዲህ ፊቱን አላየሁትም።

አንድ ቅዳሜ እንደወጣ እህቱ ሳህን እያጠበች፣

«እማዬ፣ እነዚያ ሣጥኖች እኮ ሲሸጡ ሁለት ቁልፍ ነው የሚሰጠው» አለችኝ።

«ሁለት?»

«ሁልጊዜ ሁለት። ጠይቂው።»

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሣጥኑ ለእሱ ክፍት ሆኖ ከርሟል ማለት ነው፤ እኔ አንገቴ ላይ ብረት አስሬ ልጄን ጠበቅሁ ስል። በየቀኑ ጠዋት እደውላለሁ፤ «ሃሎ» ሲል «በላህ ወይ» ብዬ እዘጋለሁ። ኋላ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ሌላው ቁልፍ እጁ ላይ ካለ፣ ያን ሁሉ መንገድ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ቅዳሜ መጣ። አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው አንዱን አጣለሁ፤ ወይ ቁልፉን፣ ወይ እሱን። ማተቤን ፈትቼ ቁልፉን ሰጠሁት።

«ሻይ ላፍላልህ? ወይስ ሰዎቹ ይጠብቁሃል?»

«ይጠብቁ» አለና ተቀመጠ።

ጠጥቶ ሲሄድ መስኮቱ ጋ ቆምኩ፤ ታክሲው እስኪታጠፍ። ሴት ልጄ ሥራ ገብታለች፤ ልጆቹ ኳስ ሜዳ ናቸው። ማተቤን መልሼ አሰርኩ፣ ቁልፉ በሌለበት ቀለለኝ፤ እስኪመሽ ድረስ ባዶ ቦታውን በእጄ እየዳሰስኩ ዋልኩ።