የኡሙሰልማ የማያልቅ ቀዷ

ኡሙሰልማ ደሴ ሰኞ ገበያ ጨውና በርበሬ ስትሸጥ የኖረች፣ ምላሷ ከበርበሬዋ የሚያቃጥል ሴት ናት። በዚያን ሰሞን ግን ጾመኛዋ ተባለች። ረመዳን ካለፈ ወራት ሆኖታል፤ እሷ ግን ቀን ቀን እህል አትቀምስም። «ያመለጠኝን ጾም፣ ቀዷዬን እያወጣሁ ነው» ትላለች። እንዲህ ያለችን ሴት ማን ደፍሮ ብይ ይላታል? የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ ስብሰባ ላይ ሻይ ሲያስዞሩ እሷን በአክብሮት ያሳልፏታል።

እውነቱ፣ ምግብ አልወርድ ብሏት ነበር። መጀመሪያ ቆሎው ደረቷ ላይ ቆመ፤ ቀጥሎ እንጀራው፤ ኋላማ ፍትፍቱም በውኃ ካልተገፋ አልሄድ አለ። የልጇ የጣይባ ኒካህ ደርሷል፤ የኮምቦልቻ አማቾቿ እናትየው ታማለች ከተባለ ሰርጉን ያፈርሱታል ብላ ፈራች። ሰው ከሞት ይልቅ ድግሱ ሳይወጣ መታመምን ይፈራል መሰለኝ።

የጠረጠረቻት ክርስቲያኗ ጎረቤቷ አረጋሽ ናት።

«አንቺ ሴት፣ የስንት ረመዳን ዕዳ ነው? ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ነው እንዴ?»

«ያንቺን ሁዳዴ ማን ጠየቀሽ?»

«የእኔማ ፋሲካ አለው!»

አንድ ቀን አረጋሽ መግሪብ ላይ፣ ጾም በሚፈታበት ሰዓት፣ ቂንጬ ይዛ ገባችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። አዛኑ አለቀ። ኡሙሰልማ አንዴ ጎረሰች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ቂንጬው ተመልሶ ወጣ።

«ጾምሽ ይኸ ነው?» አለች አረጋሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለጣይባ እንዳትነግሪብኝ።»

«ነገ ሐኪም ቤት ከሄድሽ አልነግርም።»

ለሰርግ ዕቃ ግዢ ብለው ወጥተው ሐኪም ቤት ተሰለፉ። ሐኪሙ ከዓመታት በፊት የተቆረጠውን የግራ ጡቷን ጠባሳ አየ፤ ነጭ መድኃኒት አጠጥቶም ራጅ አስነሣት።

«እናቴ፣ የጡትዎ ካንሰር ተመልሷል። ደረትዎ ውስጥ ያሉትን እጢዎች ይዞ የምግብ መውረጃዎን ከውጭ ተጭኖታል።»

«ቆርጣችሁ ጥላችሁት የለ? ይኸን ሁሉ ዓመት የት ከረመ?»

«ከመቆረጡ በፊት ጥቂቱ ሾልኮ ነበር።»

«ደረቴ ውስጥ ሸፍቷል በለኛ!»

ሐኪሙ ሊስቅ ብሎ ተወው። «ጨርሶ አይጠፋም። አዲስ አበባ ቢታከሙ ግን ጥቂት ሊከፈትልዎ ይችላል። ቢቆዩ ውኃም ላይወርድልዎ ይችላል።»

«ከኒካሁ በኋላ እሄዳለሁ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን አላለችውም። ቤት እንደገባች ጣይባን ጠርታ ራሷ ነገረቻት። ጣይባ አለቀሰች፤ ተቆጣችም፤ ወዲያው ወደ ኮምቦልቻ መልእክት ላከች።

የተፈሩት አማቾች ግን ሰርጉን አላፈረሱም፤ በማግስቱ ሼሁን ይዘው ደሴ ወጡ። ኒካሁም እዚያው በኡሙሰልማ ሳሎን ታሰረ።

«ድግሱን ታክመው ሲመለሱ እንበላዋለን፣ ኢንሻአላህ» አሏት የሙሽራው አባት ዘይኑልአቢዲን።

«እንግዲያው በሬውን እንዳትሸጡት! ሥጋው ለእናንተ፣ መረቁ ለእኔ።»

ሲነጋ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈረች። አረጋሽ አጠገቧ ተቀምጣ፣ የአጥሚት ፔርሙዝ እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ሹፌሩን ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ትሳደባለች።