የሳልሳ ክዳንና የፍየል ጅራት

ዛሬ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪዬ የሳልሳ ቆርቆሮ ክዳን በእርሳስ ጫፍ ላይ ስታሽከረክር አየሁና የዳቡስ ወንዝ ትዝ አለኝ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለውን ክዳን በማንኪያ ቅርጽ ቆርጬ፣ በሚስማር በስቼ፣ ከዓሣ ማጥመጃ መንጠቆዬ በላይ በሽቦ አሰርኩት፤ ውሃ ሲገፋው ይሽከረከራል። መንጠቆውን በፍየል ጅራት ፀጉር ሸፈንኩት፤ ትልቁ ዓሣ ሲያየው ትንሽ ዓሣ ይመስለዋል።

ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን አይተውት ሳቁ። "ሴት የሠራችውን ነገር ዓሣ አይነካውም።"

"አባባ፣ ዓሣው በምን ያውቃል?"

"ምላስ አለሽ። ዓሣ ግን በምላስ አይያዝም።"

እስኪመሽ ወንዙ ውስጥ ወረወርኩት፤ ምንም አልነካውም። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ተጠጉኝና፣ "እስቲ ለእኔ ስጪኝ፣ ልሞክረው" አሉ።

"ሴት የሠራችው ነው" ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ዛሬም አለኝ፤ አንድም ዓሣ አልያዘም።

ተማሪዬ እንዳየኋት ስታውቅ ክዳኑን ደበቀች።

"አውጪው" አልኳት፣ "ነገ ሚስማር አመጣለሁ።"