ጉሬዛው የሚወርድበት ቦታ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ዘመን፣ እናቴ ከሸኮ ወጣ ባለች መንደር ጤና ረዳት ነበረች። የምንኖረውም ማር ቆራጩ ጋሽ ሻወኖ ባከራዩን አንዲት ክፍል ነበር። ያኔ ሲመሽ፣ ዝናቡ የሣር ክዳኑን እያራሰ፣ እርጥቡ ማገዶ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙ የሽማግሌውን ጉልበት እያቀላ፣ ምድጃው ዳር ተኮልኩለን የአንድ ጉሬዛ ተረት ከእሳቸው እንሰማ ነበር። ጉሬዛው ከምንጩ ተነሥቶ፣ መሬት ሳይረግጥ፣ ከቀረሮው ወደ ብሳናው፣ ከብሳናው ወደ ዋንዛው እየዘለለ ወንዙ ድረስ ይሄዳል። ዛፎቹ ከቤታችን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቆሙ፣ የጋሽ ሻወኖና የጎረቤቶቻቸው ቀፎዎች የተሰቀሉባቸው እውነተኛ ዛፎች ነበሩ። ዛፍ ሲቆረጥ ከተረቱ ይወጣል፤ ጉሬዛውም እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ይወርዳል። የቆረጠው ሰው መጥቶ፣ ከልጆች መካከል ተቀምጦ፣ ሲወርድ መስማት ነበረበት። ቅጣቱ ይኸው ብቻ ነው። በኋላ ብዙ የሕግ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ይህን ያህል የሚያሳፍር ቅጣት አላገኘሁባቸውም።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ግንቦት፣ የደን ለውጥ የሚመዘግብ አንድ ወጣት ባለሙያ ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶዎች ይዞ መጣ። በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። በአሮጌው ላይ ኮረብታው ጥቁር ነው፤ በአዲሱ መሐሉ ነጥቷል።

«ደኑ አልቋል» አለ፣ ጭቃውን ፈርቶ ከበሩ ሳይወጣ።

ደን የለውም ተብሎ ከተጻፈ ኮረብታው ለመንግሥት ቡና እርሻ ይመነጠራል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ማኅተሙን ይዞ ቆሟል።

ጋሽ ሻወኖ አዲሱን ፎቶ አገላብጠው አዩት። «የኔ ልጅ፣ ይቺ በምን ወር ተነሣች?»

ባለሙያው ከጠርዙ አነበበ። «በየካቲት፣ አባባ።»

«በየካቲት ዋንዛ ቅጠሉን ያራግፋል። ራቁቱን ያገኘኸውን ሰው ሞቷል ብለህ ትቀብራለህ?»

ሰዉ ሳቀ። «ጓድ፣ ተዋቸው፣ ተረተኛ ናቸው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ተረተኛ ነኝ» አሉ ጋሽ ሻወኖ፣ እጄን ይዘው። «ጉልበቴ እምቢ ባይለኝ ተረቱን እያወራሁ እወስድህ ነበር። ይቺ ልጅ ታውቀዋለች። አንድ ዛፍ ከሳተች ያሻህን ጻፍ።»

ኮረብታው ከነቀፎዎቹ በእኔ ምላስ ላይ ወደቀ። ከፊት ሆኜ መራኋቸው። ቀረሮ ስል ቀረሮ፣ ብሳና ስል ብሳና ተገኘ። ነጭ በተባለውም ቦታ ዋንዛዎቹ አዲስ ቅጠል ለብሰው ሰማዩን ጋርደውታል። ባለሙያው አንጋጦ አየ። ትንሽ እንደሄድን ክፍት ቦታ ላይ ደረስን፤ ያለው ጉቶ ብቻ ነው።

«ይኸው» አለ ሊቀመንበሩ ፈጥኖ። «እዚህስ ደኑ የታለ?»

«እዚህ ጉሬዛው ይወርዳል» አልኩ። «ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ነበረ። ጓድ ሊቀመንበር ለቤታቸው ምሰሶ ቆረጡት። ሲወርድ ለመስማትም ገና አልመጡም።»

ባለሙያው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስለ አንድም ዛፍ አልተጠራጠረኝም፤ የጎደለውን የማይደብቅ ተረት ይታመናል። እስከ ወንዙ ሄድን። ከዚያም ደብተሩን አውጥቶ የጻፈውን ሰረዘና «ደን» ብሎ ጻፈ። ስንመለስ ጋሽ ሻወኖ እርሳሱን አስጥለው በእስክርቢቶ አስደገሙት።

ከአገሬ ከወጣሁ ዘመን አልፏል፤ ቂሜ ግን አላለፈም። ስለ ደን መመናመን የተጻፉ ወፍራም ዘገባዎች አነባለሁ፤ ጫማው ሳይቆሽሽ የጻፈውን ከሁለተኛው ገጽ ላይ ዐውቀዋለሁ። በሕይወቴ ካሸነፍኩት የተሸነፍኩት ይበዛል። ያን ቀን ግን አሸነፍን። ኮረብታው አልተመነጠረም። በኅዳር ከዋንዛዎቹ ማር ሲቆረጥ ጋሽ ሻወኖ የመጀመሪያውን ከነሰፈፉ ሰጡኝ፤ እስከ ክርኔ ተለቃልቄ በላሁት። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ብዙ ማር ቀምሻለሁ፤ ድል ድል ያለኝ ግን ያ ብቻ ነው።