አሥራ ሁለት ደቂቃ ለአባዬ

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ መብራት በፈረቃ ይጠፋ የነበረበት ጊዜ ነው። አሁንም ካዛንቺስ ውስጥ ድንኳን ሲተከል ባየሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ስስቅ እንባዬ ይመጣል።

መጀመሪያ ስለ አባዬ ልንገራችሁ። አባዬ ለገሃር ባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። ጂቡቲ በኩል ደግሞ ሮብሌ የሚባል ባልደረባ ነበረው። ለዓመታት በየማለዳው በሞርስ፣ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚልከው ዘዴ፣ ሲነጋገሩ ኖረው በአካል የተያዩት ሁለቴ ብቻ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በስልክ ይጠያየቁ ነበር። ኋላ ግን የአባዬ ጆሮ ደከመ። ስልኩን ያነሳና «ምን አልክ? ምን አልክ?» ሲል ቆይቶ ተናዶ ይዘጋዋል። የሚገርመው፣ የሞርሱን ቀጭን ፉጨት ከፍ ካደረጉለት አንድ ፊደል አያመልጠውም።

እኔ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜያቸው በራሳቸው ሬዲዮ ከሩቅ የሚነጋገሩ ሰዎች ያቋቋሙት፣ ፈቃድ ያለው የአማተር ሬዲዮ ክበብ አባልም ነኝ። ለእኛ ለአማተሮች የተሠሩ ትንንሽ ሳተላይቶች አሉ። በአናታችን ሲያልፉ ከአዲስ አበባ የላክነውን ተቀብለው ጂቡቲ ያደርሱታል፤ ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ ቢቆዩ ነው። ጂቡቲ ያሉ አማተሮች ሮብሌን ሬዲዮአቸው ጋ ሊያስቀምጡልኝ ተስማሙ። እሁድ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ተቃጠርን። እማዬ «ኧረ ጠረጴዛውን ተወው!» እስክትል ድረስ አባዬ በጣቱ እየመታ ሲለማመድ ሰነበተ።

ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጩኸቱ መጣ። ሬዲዮው ላይ «ዥዥዥ» የሚል፣ ጤነኛ ጆሮ እንኳ የማይችለው። በዚህ መሀል አባዬ ሮብሌን ሊሰማ? በቃ፣ አለቀ አልኩ።

አቤት የተናደድኩት! ሲፈጥረኝም ቁጡ ነኝ። የዓሣ አጥንት የመሰለች አንቴናዬን ይዤ ሰፈሩን መዞር ጀመርኩ። አንቴናዋ ወደ ጩኸቱ ስትዞር ድምፁ ይበረታል። ከሁለት ቦታ አቅጣጫውን ለክቼ ወረቀት ላይ መስመር አሰምራለሁ፤ መስመሮቹ የተገናኙበት ላይ መስቀል አደርጋለሁ። ከሥራ መልስ መስቀሉ ጋ ስሄድ ግን ጩኸቱ የለም፤ ወደ ሌላ መንደር ሄዷል! ሌላ መስቀል አደርጋለሁ፤ ከዚያም ይለቃል። አንዷ ሴትዮማ «እህት፣ የእኛንም ዲሽ አስተካክይልን» አለችኝ።

አንድ ቀን ግን ሳይሄድ ደረስኩበት። የለቅሶ ድንኳን አለ፤ አጠገቡ ብየዳ ቤት። ሐዘንተኛ ፊት አንቴና ይዞ መዞር ነውር ስለሆነ ድንኳኑን አልፌ ብየዳ ቤቱ ገባሁና ጮህኩበት።

«አንተ ነህ ለካ ሰፈሩን የምትበጠብጠው!»

ሰውየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየኝ። «እህቴ፣ መብራት ከጠፋ እኮ ሦስት ሰዓት አለፈው። በምን ልበይድ፣ በትንፋሼ?»

በሀፍረት እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ተስፋ ቆርጬ ወረቀቴ ላይ አፍጥጬ ተቀምጫለሁ። እማዬ መጥታ ከትከሻዬ በላይ አየችው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ መስቀል?»

«ጩኸቱ የነበረባቸው ቦታዎች።»

ጣቷን እየሰደደች ቆጠረችልኝ። «ይሄ የእትዬ ዘነበች ለቅሶ። ይሄ የእነ ፀሐይ ተዝካር። ይሄ ብየዳ ቤቱ ጎን ያለው ለቅሶ። ይሄኛው ደግሞ ዛሬ የተተከለው፣ የነገዋ ሙሽራ ቤት። ልጄ፣ የእድሩን ድንኳን ነው እንዴ የምታሳድጂው?»

ክው አልኩ። «ከድንኳኑ ጋር የሚዞር የኤሌክትሪክ ዕቃ አለ?»

«አዲሱ ኢንቨርተር ነዋ! መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው፣ ለቀስተኛው ጨለማ ውስጥ እንዳይቀመጥ ብለን ያስገዛነው። አንቺ ስብሰባ መጥተሽ ብታውቂ ኖሮ ትሰሚ ነበር።»

ይቺ ወጋችኝ። እውነቷን ነው፤ እድሩ መዝገብ ላይ ስሜ አለ፣ እኔ ግን የለሁም።

እሁድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። የእኔ ሬዲዮ በመኪና ባትሪ ይሠራል፤ የሠርጉ ሙዚቃ ግን በኢንቨርተሩ ነው። በሠርግ ቀን ሙዚቃ አጥፉልኝ ብዬ የምለምንበትን ፊት ከየት ላምጣ? እማዬ ክንዴን ይዛ እየጎተተች ወሰደችኝ።

የእድሩ ንብረት ያዥ ጋሽ ሽኩር ኢንቨርተሩ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ስነግራቸው ተቆጡ። «የእኛ ዕቃ ነው የሚረብሸው? ገና አዲስ እኮ ነው!» ስለ አባዬ ጆሮና ስለ ቀጠሮው ነገርኳቸው። ለካ የሙሽራዋ እናት እትዬ አልማዝ ከኋላችን ቆመው ይሰማሉ።

«ለጋሽ ንጉሤ ነው? ባርኔጣቸውን ሳያነሱልኝ አልፈውኝ የማያውቁት?» አሉና ወደ ድንኳኑ ዞሩ። «ሴቶች! ቴፑ ይጥፋ፣ ከበሮ አምጡ! አፍ የለንም እንዴ?»

ጋሽ ሽኩር ማጥፊያውን ተጫኑት። እኔ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሬዲዮው ጭጭ ብሏል። ከድንኳኑ በኩል እልልታውና ከበሮው ይቀልጣል፤ እሱ ግን ሬዲዮ ውስጥ አይገባም።

ሳተላይቷ መጣች። ከሩቅ አንድ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። አባዬ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ።

«ራሱ ነው! እጁ ነው! የመጨረሻዋን ድምፅ ሁልጊዜ ያስረዝማታል» አለ።

ከዚያ ጣቱን የሞርሱ መምቻ ቁልፍ ላይ አሳረፈ። ሻይ ሲጠጣ የሚንቀጠቀጠው እጅ ዝንፍ አላለም። ድሮ በየማለዳው በፈረንሳይኛ የሚልከውን ላከ፤ «ባቡሩ ወጥቷል።» መልሱ ወዲያው መጣ። አባዬ እየሳቀ ተረጎመልኝ፤ «እኛ ጋ ገና አልደረሰም። እንደ ልማዱ።»

ስለ ልጆች ተጠያየቁ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ተማከሩ። በአሥራ ሁለቱ ደቂቃ ውስጥ አባዬ አንድ ጊዜ እንኳ «ምን አልክ?» አላለም።

ሲያበቃ ባርኔጣውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ወደ ሠርጉ ሄደ። እትዬ አልማዝን አመሰገነና እስክስታ ወረደ።

ሰኞ ኢንቨርተሩን ከፍቼ ጩኸቱን የሚያፍን ዕቃ ገጠምኩለት፤ ጋሽ ሽኩር እስክጨርስ ከአጠገቤ አልተነሱም። ከዚያ ወዲህ ከእድር ስብሰባ ቀርቼ አላውቅም። ስሜ ሲጠራ «አለሁ!» ብዬ እጮሃለሁ። እማዬ ከኋላዬ «ሰማን፣ ሰማን» ትለኛለች።