የባሕሩ ሰውዬ መርዶ

ሸዋ ሮቢት ከቀትር በኋላ ሥራ የሚሠራባት ከተማ አይደለችም። ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ብረት በእጅ አይያዝም፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ብረት ነው። ከሮቢ ወንዝ ውኃ እየሳቡ ሽንኩርትና ማሾ የሚያጠጡ ሞተሮችን እጠግናለሁ። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ መፍቻዎቼን በየመጠናቸው ደርድሬ፣ እጄን በላርጎ ታጥቤ፣ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር እቀመጣለሁ። መጽሐፉንም የማነበው እዚያ ነበር።

መጽሐፉን ያገኘሁት መናኸሪያው አጠገብ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው ነው። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለሌሉ ማን እንደጻፈው ዛሬም አላውቅም። ያስመረጠኝ በውስጡ ያለው የጀልባ ሥዕል ነው። ሠዓሊው እያንዳንዱ ገመድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታሰር ሳይደብቅ አሳይቷል። እንግሊዝኛ የተማርሁት ከሞተር መመሪያዎችና ከአንድ መዝገበ ቃላት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ታሪኩ የአንድ ካቶሊክ ቄስ ነው። ከፈረንሳይ አገር ከገበሬ ቤት ወጥቶ፣ ወራት በመርከብ ተጉዞ፣ በትልቁ ውቅያኖስ መካከል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ብቻውን ወረደ። ከእሱ በፊት ወንጌል ይዞ እዚያ የረገጠ ሰው አልነበረም።

«ምንድን ነው እንዲህ ከንፈርህን የሚያንቀሳቅስህ?» አሉኝ አንድ ቀን የግቢው ባለቤት። ጋሼ ነው የምላቸው። ጫታቸውን ይዘው ምንጣፋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። አጠገባቸው ወዳጃቸው ሼኹ አሉ፤ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን የሚያስተምሩ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ናቸው።

«ስለ አንድ ቄስ ነው፣ ጋሼ። ባሕር ተሻግሮ ደሴት ላይ ስለኖረ።»

«የቱን ባሕር?»

«ከህንድም ማዶ ያለውን።»

«ከህንድም ማዶ!» ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። «በል ጮክ ብለህ አንብብ። እዚህ ግቢ ውስጥ ባሕር የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ።»

እውነታቸውን ነው። በጉብዝናቸው አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክመዋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ ሥራ ሳልጀምር ጥቂት ገጾች በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አዘጋጃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ያላረጋገጥሁትን ቃል አልናገርም። ደሴቲቱ ላይ የሚበላውን ሥራሥር መጀመሪያ «ድንች» ብዬ ነበር፤ ልክ እንዳልሆነ ስለተሰማኝ ትንባሆ እርሻ የሚሠራ የደቡብ ሰው ጠይቄ፣ የእነሱ አገር ቦዬ እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ በማግስቱ አረምሁ።

«ይኼ ልጅ ትናንት ያበላውን ዛሬ ይቀማል» አሉ ሼኹ።

የጋሼ ሚስት እትዬ ሽንኩርት እየለቀሙ ከበረንዳው ይሰማሉ። የእሳቸው ጥያቄ ከሁሉ ይከብደኝ ነበር።

«ማነው የሚያበስልለት?»

«መጽሐፉ አይልም፣ እትዬ።»

«ሚስቱስ?»

«የካቶሊክ ቄስ አያገባም።»

«አያገባም? እናንተ ደብረ ሲና ቄሶቹ ያገቡ የለም እንዴ?»

«የእኛዎቹ ያገባሉ። ይኼ ሌላ ነው።»

«ታዲያ አንተ የየትኛው ነህ?» አሉ እትዬ፤ ጋሼና ሼኹ ሳቁብኝ። እኔ የደብረ ሲና ክርስቲያን ነኝ፣ ሚስትም የለኝም። ከዚያ በኋላ ሰውዬውን የእኔ ዘመድ አደረጉት። «ያ ዘመድህ ዛሬ ምን ደረሰበት?» ሳይሉኝ አያስጀምሩኝም።

ብዙ ነገር ይደርስበት ነበር። የደሴቲቱ ባላባት ጎጆ ሰጠው፣ መሬት ሰጠው፣ ሃይማኖቱን ግን አልቀበልም አለው። ቄሱም እቃ በጣቱ እያሳየ ስም እየጠየቀ ቋንቋውን ለመደ። ዘሩ በጨው ነፋስ ይቃጠልበታል፤ እንደገና ይዘራል። ከማጥመቁ በፊት ቁስል ማጠብ ጀመረ፤ ሕፃናት የታመሙባቸው እናቶች ወደ ጎጆው ይመጣሉ፤ ሲሻላቸው ግን ስብከቱን ለመስማት አይቆዩም። እሱም አልተቀየማቸውም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ መሬቱን በዱላቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ደስ ሲላቸው የሚያደርጉት ነው።

ከዚያ የማዕበሉ ምዕራፍ መጣ። ቄሱ ወደ ጎረቤት ደሴት በትንሽ ታንኳ ሲሻገር ነፋስ ያዘው። ፀሐዩ በርዶ የሥራ ሰዓቴ ስለደረሰ መጽሐፉን እዚያው ላይ አጠፍሁት።

«ባሕሩ መሐል ትተኸው ልትሄድ?» አሉ ጋሼ።

«የጀውሃ ሰዎች ሞተር ይዘው ይጠብቁኛል።»

ጋሼ መዳፎቻቸውን ዘረጉ። የዕለቱ ዱዓ ሁልጊዜ እንደሚደረገው ለዝናቡ፣ ለአዝመራው፣ ለታመመ ጎረቤት ተደርጎ ሲያበቃ፣ «ያን የባሕሩንም ሰውዬ፣ ያ ረቢ፣ በሰላም የብስ አድርሰው» አሉ። እትዬ ከበረንዳው «አሚን» አሉ። ሼኹ ግን እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ።

«ይቻላል ወይ?» አሏቸው ጋሼ።

ሼኹ አሰቡበት። «ላለ ሰው ይቻላል። ከአደጋ እንዲጠብቀው፣ ቅኑን መንገድ እንዲሰጠው ይለመናል። ከሞተ ግን በእኛ ሃይማኖት ለሌላው ሃይማኖት ሰው ምሕረት አንለምንም፤ ጉዳዩ የአላህ ይሆናል።»

«እንግዲያ አለ» አሉ ጋሼና ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

በማግስቱ ንባብ ከማዕበሉ ቢወጣም፣ ከዚያ በኋላ የባሕሩ ሰውዬ ከዱዓው ቀርቶ አያውቅም። ከታመመው ጎረቤት ቀጥሎ ቦታ ተሰጠው። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። አንድ ቀን ጋሼን ብቻቸውን አግኝቼ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ የኖረው በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ነው፤ አንቱ በየቀኑ . . .» ስል ዱላቸውን አነሡብኝ።

«ዝም በል! ደንቆሮ አደረግኸኝ? መጽሐፉ አሮጌ መሆኑን ዓይኔ ያያል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሰብ ላይ ወባ ይዞኝ ወድቄ፣ ውኃ ያጠጣኝ አንድ መርከበኛ ነበር። ቋንቋውን አላውቅ፣ አገሩን አላውቅ። ተሽሎኝ ስነሣ መርከቡ ሄዷል። ይኑር ይሙት እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ስላልሰማሁ ነው ዱዓ የማደርግለት። ገባህ?»

ገባኝ። ጋሼ ለሁለቱም በአንድ እጅ ነበር የሚለምኑት። አንደኛው ሞቶ ከተነበበ ሌላውም አብሮት የሚሞት መሰለኝ።

ይህ በሆነ ሰሞን አንድ ማለዳ የመጨረሻውን ምዕራፍ ፈታሁ። ቄሱ ትኩሳት ይዞት ይሞታል። ቃላቱ ቀላል ነበሩ፤ መዝገበ ቃላት እንኳ እምብዛም አላስፈለገኝም። ተሳስቼ ፈትቼው እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። አልተሳሳትሁም።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ማንጎው አልሄድሁም። ጀውሃ ሞተር ተበላሽቷል አልሁ። በማግስቱ ሰንበቴ ነው አልሁ። ከዚያ ደግሞ የቤንዚን ማጣሪያ ፍለጋ ደብረ ሲና ልወጣ ነው ብዬ፣ የመጠገኛ ሱቄ ውስጥ ተደብቄ ንጹሕ የሆነ ካርቡራተር ፈትቼ አጠብሁ። አንድ ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፦ ቄሱን ከትኩሳቱ አድኜ፣ በሰላም እያረሰ እንደሚኖር አድርጌ ልጨርሰው። ግን ቦዬን ድንች ማለት ያቃተኝ ሰው የሞተውን አለ ማለት ከየት ያመጣል? ማታ ስገባ ጋሼ ከበረንዳው ያዩኛል፤ ምንም አይጠይቁኝም። ዱዓው ላይ ግን ሰውዬውን አሁንም እንደሚጠሩት እትዬ ነገሩኝ።

አንድ ቀን ገና ሳይነጋ፣ የሱብሒ ሶላት እንዳበቃ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ፣ ሼኹና እትዬ ቆመዋል። ጋሼ ለጁምዓ የሚለብሱትን ነጭ ልብስ ለብሰዋል። ወንበር ስሰጣቸው እንቢ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

በእኛ አገር ሽማግሌዎች በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ቤትህ ከመጡ የሚመጡት ለአንድ ነገር ነው። መርዶ ሊነግሩህ ነው። ደብረ ሲና ያለችው እናቴ ታየችኝ፤ ያ ሳል ክረምቱን ሙሉ አልለቀቃትም ነበር።

«ጋሼ፣ እናቴ ናት? ያ ሳሏ ነው?»

«አይደለም፣ አይደለም! እናትህ ደህና ናት!» አሉ ጋሼ ደንግጠው። «ኧረ ተቀመጥ ልጄ!»

«ነጩን አትልበሱ፣ ልጁ ይደነግጣል ብዬ ነበር» አሉ እትዬ ወደ ባላቸው ዞረው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣነው . . . ያ የባሕሩ ሰውዬ ዐርፏል ልንልህ ነው።»

ሳቅ መጣብኝ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔን እንባ ሞላው።

«ማን ነገራችሁ?»

«አንተ» አሉ እትዬ። «የይፋት ሞተር ሁሉ በአንድ ሳምንት አይበላሽም።»

«ለእኛ መንገር እንዳቃተህ አየን» አሉ ጋሼ። «መርዶ ይዘህ ብቻህን ስትዞር እያየሁ እንዴት ልተኛ? ከእኛ ይልቅ ለአንተ ይቀርባል። ከሰው ሁሉ አብረኸው የቆየኸው አንተ ነህ። በል አሁን አሟሟቱን ንገረን።»

መጽሐፉን አምጥቼ ሲነጋጋ በመስኮቱ ብርሃን አነበብሁላቸው። ደሴቲቱ ላይ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ባላባቱ፣ እስከ መጨረሻው ያላመነው፣ መጥቶ ራስጌው ተቀመጠ። አንዲት አሮጊት የኮኮናት ውኃ በቅርፊቱ ይዛ መጥታ፣ ቀና አድርጋ አጠጣችው። ሲነጋ ሞተ። የደሴቲቱ ሰዎች በራሳቸው ወግ ተሸክመው ቀበሩት።

«ውኃውን መልሰህ አንብበው» አሉ ጋሼ።

መልሼ አነበብሁት።

«ቀና አድርጋ ነው የሚለው?»

«አዎ። እጇን ከራሱ ሥር አድርጋ።»

ጋሼ ዱላቸውን አንሥተው መሬቱን በቀስታ መታ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሼኹ ዞሩ። ሼኹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተናገሩትን አልለወጡም። «እሱን ለባለቤቱ ትተናል። አሁን ያለን ሐዘንተኛው ነው» ብለው መዳፎቻቸውን ዘረጉ። በዚያ ጠባብ ክፍል፣ በሞተር ቁርጥራጭና በዘይት ሽታ መካከል፣ ለእኔ ዱዓ ተደረገ። አላህ ያጽናህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ እጅህን ከብረት ይጠብቅልህ። እትዬ «ሚስትም ይስጥህ» ብለው ጨመሩ፤ ሼኹ ድምፅ ሳያሰሙ ሳቁ። እትዬ በሳህን የማሾ ንፍሮ ይዘው መጥተው ነበር፤ የሐዘን ነውና ሁላችንም ከአንድ ሳህን ዘገንን።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ሳልይዝ ማንጎው ሥር ሄድሁ። ወሬው የሽንኩርት ነበር። ዱዓው ሲደረግ ዝናቡ ተጠራ፣ አዝመራው ተጠራ፣ የታመመው ጎረቤት ተጠራ። የባሕሩ ሰውዬ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ቆም አሉ።

«ያን አሰብ ያጠጣኝን፣ ካለ» አሉ። ቀጥለውም፣ «የዚህን ልጅ እናት፣ ደብረ ሲና ብርድ ላይ ያለችውን፣ ሳሉን አንሣላት።»

ከሁሉ ቀድሜ አሚን ያልሁት እኔ ነኝ።