የእህቴ ባል አውሮፕላን ፍሬን

የእህቴ ባል መነጽር ሠሪ ነው። ከገበያው ጀርባ ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ በሚጠብቅባት ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መስታወት ሲሞርድ ይውላል። ሲናገር ድምፁ አይሰማም፣ ሲሄድ ኮቴው አይሰማም፣ ሲያስነጥስ እንኳ ሰው በሌለበት ክፍል ይቅርታ ይጠይቃል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አውሮፕላን የሠራው።

ሠራው ስል ገዛው ማለቴ አይደለም። በገዛ ግቢው፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶ በእጁ ሠራው። እህቴ የዚያን ዘመን ግማሹን አንሶላ ያሰጣችው ክንፍ ላይ ነው። ሰፈሩ ኖኅ የሚል ስም አወጣለት። ዝናብ ባካፋ ቁጥር በበሩ የሚያልፈው ሁሉ «ኖኅ፣ መርከቡ ደረሰ ወይ?» ይለዋል፤ እሱም ቆም ብሎ «ጅራቱ ይቀረዋል» ብሎ በትሕትና ይመልሳል። ሲቀለድበት የማይገባው ሰው ያናድዳል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ሳቅኩበት፤ ምን ያደርጋል፣ ከሦስት ዓመት በፊት ላሚቱ እውነትም ሰማይ ወጣች።

በረረ ብለው ሲነግሩኝ አልደነቀኝም። ማስነሣትማ ቆርቆሮንም ነፋስ ያስነሣዋል፤ ቁም ነገሩ ማቆሙ ላይ ነው። ይህን የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ፍሬን የሠራሁ ሰው ነኝ። ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር እኔን ሳያይ ከከተማ አይወጣም። አማቼ ግን ሙያዬን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሁሉን ነገር ከመጽሐፍ ነው የሚያገኘው። የሚጠራኝ «ጋሼ» ብሎ ነው። እህቴም ጋሼ ትለኛለች፣ እሷ ግን «አንተ» ነው የምትለኝ። እሱ ሃያ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ብሎኛል። ስሰድበውም እርስዎ፣ ስቄ ባሾፍበትም እርስዎ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መጣላት እንኳ አይቻልም።

አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አጭር የሣር ሜዳ ላይ ነው። በሜዳው ጫፍ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አለ፤ በዚያ ውስጥ እሱና በዚሁ በሽታ የተለከፉ አራት መሰሎቹ አውሮፕላኖቻቸውን ያሳድራሉ። አንድ ቀን ሲያርፍ ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ሜዳውን ጨርሶ ሄደና አፍንጫው ከአጥሩ ሽቦ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ያኔ ነው ፍሬኑን በትልቅ ፍሬን ለመቀየር የወሰነው። በዕድሜው ካደረገው ሁሉ ይህ ብቻ ልክ መሰለኝ።

ግን እሱ አይደል፤ ነገሩን ወዲያው አበላሸው። በእንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ጎማ ላይ ነፋስ እንዳይዘው እንደ ዓሣ የሾለ ሽፋን ይደረጋል። እሱ «የጎማ ሽፋን» ይለዋል፣ እኔ ጫማ ነው የምለው። አዲሱ ፍሬን ስለሚተልቅ አሮጌው ጫማ አልበቃ አለ፤ ስለዚህ አዲስ ጫማ መሥራት ጀመረ። ፍሬኑን የገጠመው በሦስት ቀን ነው። ጫማውን አራት ወር ሠራው። ፋይበር ግላስ የሚባለውን ፕላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ያፈሳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል፣ በውሃ ያጥባል፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ እንደገና ይሞርዳል። ነጭ ቀለም ቀባው፤ በነጩ ላይ ደግሞ ከፀጉር የማትወፍር ሰማያዊ መስመር አሰመረበት።

አንድ ቀን ልየው ብዬ ብሄድ ተንበርክኮ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ጋ ይዳስሱት። ትንሽ እብጠት የለውም?»

«እኔ የማውቀው እብጠት የጥርስ ነው» አልኩት። «ፍሬኑስ?»

«ተገጥሟል።»

«መገጠሙንማ አየሁ። ይይዛል ወይ?»

«ዘይቱ ውስጥ ትንሽ አየር ሳይቀር አይቀርም። ሽፋኑን ስጨርስ አወጣዋለሁ።»

ሽፋኑን ስጨርስ! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ሰው ነው። ነፍስ የሚያድነውን ነገር በሽፋን ሥር ቀብሮ ሽፋኑን ይወለውላል። በጋራዤ እንዲህ የሚሠራ ሠራተኛ ቢኖረኝ ከምሳ በፊት አባርረው ነበር። ንቄው ወጣሁ።

ንቄ ልተወው እችል ነበር፣ እህቴ ባትገባበት። ሦስት ዓመት ሙሉ «እኔ እግሬ መሬት ሲነካ ነው ደስ የሚለኝ» እያለች እንቢ ስትል ኖራ፣ እነዚያን ነጫጭ ጫማዎች ስታይ ልቧ ቀለጠ። ረቡዕ ዕለት ጋራዤ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ እሁድ ጠዋት አብሬው ልወጣ ነው» አለችኝ። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። እጄ ላይ ያለው መፍቻ ከበደኝ።

«ፍሬኑ ተስተካከለ?» አልኳት።

«ሲረግጠው ፔዳሉ ይሰምጣል ይላል። ቅዳሜ አየዋለሁ ብሏል።»

«የመጋዘኑን ቁልፍ ዓርብ ይዘሽ ነይ። ለእሱ አትንገሪው።»

ዓርብ ጠዋት እሱ ሱቁ ሆኖ እኛ መጋዘኑ ገባን። የጫማውን ብሎኖች ፈትቼ አወረድኩት፤ አንዱን ጫማ ሳስቀምጥ ሲሚንቶው ጫረው፣ ብዙም አላዘንኩ። ሞተሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ የፍሬን ዘይት ዕቃ ሳገኝ፣ አንገቷ ላይ በክር የታሰረ ካርቶን ነበር። በመነጽር ሠሪው ጥንቅቅ ያለ ጽሕፈት «ቀዩ ዘይት ብቻ። የመኪና የፍሬን ዘይት በፍጹም አይጨመር» ይላል። ከሥሩ ያልተከፈተ የቀይ ዘይት ቆርቆሮ ተቀምጧል።

አላየሁትም ልል አልችልም። አነበብኩት፣ ሁለተኛም አነበብኩትና ሳቅኩ።

በእኛ ሙያ አንድ ደንብ አለ፤ ባለመኪናው ያመጣውን የፍሬን ዘይት አትንካ። ባለመኪና ከፍቶ የረሳውን፣ እርጥበት የጠጣውን፣ ምን እንደሆነ የማያውቀውን ዘይት ያመጣል። ከራስህ ጠርሙስ ነው የምትቀዳው። ይህን ደንብ ያስተማሩኝ ጌታዬ ነፍሳቸውን ይማረው፣ እኔም ለስንቱ ሠራተኛ አስተምሬዋለሁ። ለመነጽር ሠሪ ካርቶን ብዬ የምጥሰው ደንብ አልነበረም። እህቴን የአብራሪው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

«ርገጪ» እላታለሁ ከጎማው ሥር ሆኜ። «ያዢ። ቆይ፣ እንዳትለቂ። በቃ፣ ልቀቂ።»

እሷ ትረግጣለች፣ እኔ ቀዩን ዘይት ከነአየሩ አስወጣለሁ፣ ከራሴ ጠርሙስ እሞላለሁ። የመጨረሻዋ አረፋ እስክትወጣ አንድ ሰዓት ሠራን። በመጨረሻ እህቴ ረገጠችና «ጋሼ፣ ድንጋይ ሆነ'ኮ» አለች። ጫማዎቹን መልሼ ገጠምኩ። እጄን ስታጠብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ ከጋራዤ የወጣሁበት ቀን ብዙ አይደለም።

እህቴ ምስጢር አትቋጥርም። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራ አስፈታንዎት።»

«ምንም አይደል።»

«ብቻ… የጨመሩት ቀዩን ዘይት ነው አይደል?»

ደሜ ፈላ። «ስማ» አልኩት፣ «እኔ ፍሬን ስሠራ አንተ ጫማህን ማሰር አታውቅም ነበር። ፍሬን ልታስተምረኝ ነው? መስታወትህን ሞርድ!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ እንዲያው ነው» አለና ሰላምታ አብዝቶ ዘጋ። እንግዲህ አስቡት፤ የፀጉር ስፋት የሚለካ ሰው ነው። ቅዳሜ መጋዘኑ ሄዶ ያችን ክዳን ቢያዞር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ የዘይቱ ቀለም ሁሉን ይነግረው ነበር። አላዞረም። ጋሼ የዘጋውን ክዳን መልሶ መክፈት ጋሼን መጠርጠር ሆነበት። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ከመብረር በሽታው በለጠበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን እያወቀ፣ ሚስቱን ይዞ ተነሣ።

እሁድ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ሲነሡ አውሮፕላኑ ትንሽ ወደ ግራ ሳብ አለ፤ ነፋስ ነው አልኩ። ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። እህቴ በመስኮቱ እጇን ስታውለበልብ ሳላስበው እኔም አውለበለብኩ። ሲመለሱ ጎማዎቹ ሣሩን ሲነኩ ድምፅ እንኳ አልነበረም። ከዚያ ፍሬኑን ረገጠ፣ ለቀቀ። ቀኙ ለቀቀ፣ ግራው ግን ነክሶ ቀረ። ከማንም ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። አውሮፕላኑ በግራ እግሩ ላይ ዞረ፣ ነጩ ጫማ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተፈረካከሰ፣ ክንፉ ከዳር ያለውን ምሰሶ መታና ቆመ።

ሮጥኩ። እህቴ ግንባሯ ተተርትሯል፣ ግራ እጇን በቀኟ ይዛ «ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አልሆንኩም» ትላለች። እሱ አቅፎ አወረዳትና ከመሰሎቹ የአንዱ መኪና ውስጥ አስገባት። ሊከተላት ሲል ቆመ። በተሰበረው ነጭ ጫማ ላይ ከተቀደደው ቱቦ ዘይት ይንጠባጠባል፤ ማር የመሰለ እንጂ ቀይ አልነበረም። በጣቱ ነካው፣ በሁለት ጣቶቹ መሀል አሸው፣ ከዚያም ቀና ብሎ አየኝ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ መኪናው ውስጥ ገባ።

እኔ ስብርባሪ ልሰብስብ ብዬ ቀረሁ። ከመሰሎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ የግራውን ፍሬን ፈትቶ ከውስጡ ጎሚኒውን አወጣ፤ ዘይቱን የምታፍነው የላስቲክ ቀለበት ናት። ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጣለች።

«የዚህ ጎሚኒ ከመኪና ዘይት ጋር አይስማማም» አለ። «ሁለት ቀን ካደረበት እንዲህ ያብጥና ፍሬኑ አልመለስ ይላል። ማን ነው የከተተበት?»

«እኔ እንጃ» አልኩት።

ክሊኒክ ስደርስ እህቴ እጇ ጄሶ ገብቶ፣ ግንባሯ አምስት ቦታ ተሰፍቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እሱ አጠገቧ ባለው ብቸኛ ወንበር ላይ ነው። ስገባ የጀመረችውን ንግግር አላቋረጠችም።

«ጋሼ ዓርብ ዕለት ድንጋይ አድርጎልህ ነበር'ኮ። በገዛ እግሬ ነው የረገጥኩት። ምን አድርገኸው ነው?»

«ቅዳሜ ከፍቼ ነካካሁት» አለ እሱ፣ ወለሉን እያየ። «የማይሆን ዘይት ጨመርኩበት።»

ቅዳሜ ሱቁን እስከ ማታ እንዳልዘጋ አውቃለሁ፤ መንገዴ በዚያ ነው፣ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

«ጋሼ የሠራውን? ምን ቤት ነኝ ብለህ?»

«ልክ ነሽ» አለ። «አጥፍቻለሁ።»

ሐሰት አልናገርም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ኀፍረቱ ከኋላው መጣ። አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። እህቴ ግን የተከፈተ አፌን አይታ ሌላ ነገር መሰላት።

«ጋሼ፣ እባክህ አንተ ተቆጣልኝ» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «እኔን አይሰማኝም። አንተን ይሰማል።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። በእሱ ዓይን ላይ ወቀሳ ፈለግሁ። ልመናም ፈለግሁ። ሁለቱም የሉም፤ እንደ ሁልጊዜው ጋሼ የሚለውን ለመስማት ብቻ ይጠብቃል።

«አንተ ሰው» አልኩት፣ «በማታውቀው ሙያ አትግባ ብዬህ አልነበረም?»

«ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ» አለ። ከወንበሩ ተነሥቶም ቦታውን ለቀቀልኝ።

ተቀመጥኩ።