ኦቦ ሆርዶፋ «የኔ አይደለም» ያሉት ጠበንጃ

ባሌ ብዙነህ አምቦ ውስጥ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ሲሠራ እጁ ብረቱ ላይ ይንቀሳቀሳል እንጂ እሱ ራሱ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ የሆነ ቦታ ሄዷል። ምሳ ይዤለት አጠገቡ ቆሜ እግሬ ከዛለ በኋላ «ኧ? ሰሎሜ፣ መቼ መጣሽ?» ይለኛል። ደንበኞቹ ፈላስፋ ይሉታል። እኔ እንቅልፋም እለዋለሁ፤ ስወደው ነው።

አምና ክረምት ጂቱ የምትባል የጌዶ መምህርት በራችን ላይ ከባጃጅ ወረደች። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ስለነበር ሕፃን መስሎኝ ልቀበላት ተነሣሁ። ሲፈታ አጭር ጠበንጃ ሆነ። ከቃታው ሥር የብረት ቀለበት አለው፤ ቀለበቱን ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ጥይት ያጎርሳል። የአያቷ ነበር። ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ዘመን አልፎታል፤ አባቷ ኦቦ ሆርዶፋ ግን ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጭናቸው ላይ አጋድመውት ይውላሉ።

«አዲስ አበባ የጥንት ዕቃ ለሚያውቅ ሰው ቪዲዮ ልኬለት ነበር» አለች። «እንዲህ ያለው አገራችን ውስጥ ከስንት አንድ ነው አለኝ። ዝገቱ ከለቀቀና መንቀጫቀጩ ከጠፋለት ሙዚየም የሚመኘው ነው። እንዲሸጥ አልፈልግም። አባቴ ምን እንደያዘ ሰው እንዲያውቅለት ብዬ ነው።»

ብዙነህ ጠበንጃ ነክቶ አያውቅም። ቀለበቱን አንዴ ገፋ አድርጎ ፈገግ ሲል ግን፣ በቃ፣ ሄደ አልኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰነበተ። ሱቁ ውስጥ ቀኑ ከቀን አይለይም ነበር። ብሎኖቹን ናፍጣ ውስጥ ዘፈዘፈ፤ ሲቀባ ኖሮ የደረቀውን ቅቤ ቀስ እያለ ጠረገ፤ የተሰነጠቀውን ሰደፍ በዋንዛ ሞልቶ በሰም አሸው። ከዝገቱ ሥር፣ ሊመሽ ሲል እንዳለ ሰማይ፣ ሰማያዊ ብረት ብቅ አለ። ለላላው ቀለበት ክፍተቱን የሚሞላ ስስ የነሐስ ሮንዴላ ሠርቶ አስገባለት። የዚያን ቀን ቀለበቱን ሲገፋው ምንም መንቀጫቀጭ አልሰማሁም። እንዲህ ያማረ ነገር ከባሌ እጅ ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ ኮራሁ።

ሊረከቡ ኦቦ ሆርዶፋ ከልጃቸው ጋር ራሳቸው መጡ። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቀለበቱን ገፉና ጆሯቸውን አዘነበሉ። ደገሙት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«ኦቦ፣ የእርስዎ ነው» አለ ብዙነህ።

«የአባቴን ጠበንጃ አምጣ!»

ጎረቤት ከየሱቁ ብቅ ብቅ አለ። እኔ ደሜ ፈላ። አምቦ ትንሽ ናት፤ የዓይነ ስውር ንብረት ለወጠ የተባለን ሰው የትኛዋ ልብስ ሰፊ መኪናዋን ታምነዋለች? ስማችን አለቀለት።

«አባ ኮ፣ እሱ ነው እኮ፣ እያየሁት» አለች ጂቱ፣ በኦሮምኛ «አባቴ» ብላ እየጠራቻቸው።

«አንቺ አባቴን አታውቂውም።»

ብዙነህ ግን አልተቆጣም። በርጩማውን ወደ እሳቸው አስጠግቶ «አባትዎ እንዴት ነበሩ?» አላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ጊዜ እንዳለው ሰው።

«ማምሻውን ከገበያ ይመለሳል» አሉ ሽማግሌው። «ገና ከአጥሩ ማዶ ሳለ፣ በተራመደ ቁጥር ጠበንጃው ትከሻው ላይ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል። ውሻው ያውቀዋል፣ አይጮኽም። እናቴም ሰምታ ጠላውን መቅዳት ትጀምራለች። እኔ ፊቱን ረስቼዋለሁ፣ ልጄ። የቀረኝ ያ ድምፅ ነው።»

ብዙነህ መፍቻውን አነሣ።

«ዋጋውን ልትገድለው ነው እንዴ?» አልኩት። ያን ሁሉ ቀን የለፋበት እጁ አሳዘነኝ። ጂቱን አየኋት። «ያውጣው» አለች።

ሮንዴላዋን አውጥቶ ኪሱ ከተታት። ጠበንጃውን ትከሻው ላይ አነገተና ወደ ውጭ ወጣ። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ትንሽ ጠፍቶብን ቆየ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ፣ ደከም ባለ እርምጃ፣ ቅጭል፣ ቅጭል እያለ ወደ በራችን መጣ።

ኦቦ ሆርዶፋ ብድግ አሉ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ፣ አላነሡትም። ሁለት እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው፣ የሰባት ዓመት ልጅ በሚመስል ድምፅ፣

«አባ ኮ፣ መጣህ?» አሉ። «አምጣ፣ ልያዝልህ።»